ግራጫው ዳስ

የአስቤስቶስ ደህንነት ገምጋሚ ለመሆን መጀመሪያ ፂም መላጨት ያስፈልጋል። ማስኩ ፊት ላይ ካልተጣበቀ ማስክ አይደለም፤ የአንድ ቀን ፂም እንኳ በጎን በኩል አየር ያሾልካል። ስለዚህ አዳማ በሚገኘው ማሠልጠኛ ወንዶቹ ሠልጣኞች ለአርባ ቀን፣ በየጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አንድ ረጅም መስታወት ፊት ተሰልፈው ይላጩ ነበር። ከዚያ መምህርት ፈይሩዝ ጓንት አጥልቃ ትመጣና የእያንዳንዱን አገጭ ትዳስሳለች። ባሮክ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በዕድሜው አገጩን እንዲህ የዳሰሰችው እናቱ ብቻ ነበረች።

«ጋሽ ባሮክ፣ እርስዎ ዛሬም ንጹሕ ነዎት» ትለዋለች። መምህርቷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ አንቱታ አታውቅም ተብላ የምትታማ ሴት አይደለችም። ባሮክ ደግሞ ድሬዳዋ ተወልዶ ድሬዳዋ ያረጀ ሰው ነው፤ እዚያ አንድ ፍሬ ልጅ ሽማግሌውን «አንተ» ብሎ ነው የሚጠራው፣ ማንም አይቀየምም። በዚህች ወጣት ሴት በተከበረ ቁጥር የሆነ ነገር ያጭበረበረ እየመሰለው ዓይኑን ወደ መስታወቱ ይመልሳል።

ወደዚህ የላከው እድሩ ነው። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ቅርብ ጎረቤት የሚባል እድር አለ፤ ባሮክ ለሃያ አምስት ዓመት ንብረት ያዡ ሆኖ ኖሯል። ድስቱን፣ ወንበሩን፣ ዳሱን አውጥቶ የሚያስገባ እሱ ነው። በሁለት ሺህ ሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. የአስቤስቶስ ሕጉ ሲወጣና ገምጋሚ ያላየው ቤት ከመጪው መስከረም ጀምሮ ሰው አይኖርበትም ሲባል፣ የመንግሥት ገምጋሚ ለማግኘት ወረፋው አሥራ አንድ ዓመት ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ እድር አንድ ሰው አሠልጥኖ ፈቃድ እንዲያሰጥ ተባለ። ቅርብ ጎረቤት ስብሰባ ጠራ። ስብሰባው ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ እድሩ በታሪኩ እንዲህ ፈጥኖ የጨረሰው ጉዳይ የለም። «ባሮክ ይሂድ፣ እጁን እናውቀዋለን» አሉ። አዎ፣ ያውቁታል።

በሥልጠናው ሁለተኛ ቀን መምህርቷ ሰሌዳው ላይ አንድ ፎቶ አወጣች። ሞገድ ሞገድ ያለው ግራጫ የሲሚንቶ ቆርቆሮ ነው፤ ጀርባው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ስርጉድ ስርጉድ ብሏል። «ይህን አይቶ የሚያውቅ?» አለች። ከሠላሳ ሁለቱ ሠልጣኞች አሥራ ዘጠኙ እጃቸውን አወጡ። ባሮክ አላወጣም። እጁ ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመ ቀረ። ፎቶው ገና ከላይ በኩል ብቅ ሲል ነበር ዳሱን ያወቀው። የቀሩትን ሠላሳ ስምንት ቀናት ያሳለፈው ያወቀውን እንዳላወቀ ለመሆን በመታገል ነው።

ዳሱ የተሠራው ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ የተሠራው ለደግ ነበር። የእድሩ ሸራ ድንኳን ለድሮ ፀሐይ የተሰፋ ነው። ሙቀቱ አርባ አምስት መርገጥ በጀመረበት ዓመት፣ አንድ የግንቦት ለቅሶ ላይ ሁለት አሮጊቶች ሸራው ሥር እንደተቀመጡ ቀሩ። ሰው ያሰባቸው በለቅሶ የደከሙ ነበር። ሌላው ሰው ሲነሳ ነው መሞታቸው የታወቀው። እድሩ «ከሙቀት የሚያድን ነገር ፈልጉ» ብሎ ባሮክንና ጓደኛውን ያፌትን አሰማራ። አዲስ የግንባታ ዕቃ ለተራ ሰው መሸጥ ከቆመ ቆይቷል፤ ሁሉም ነገር የሚሠራው ከፈረሰ ነገር ነው። ሁለቱ ዞረው ዞረው ከሐዲዱ ማዶ አንድ የድሮ የጨው መጋዘን ፈርሶ አገኙ። ስልሳ አራት የሲሚንቶ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ነበር። ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ከሥሩ ሲቀመጡ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ሁለቱም የጨረቃን ጓዳ የከፈቱ መሰላቸው።

ሦስት ቀን ሙሉ ቆረጡት። ባሮክ ግራይንደሩን ይዟል፤ ያፌት ቆርቆሮው እንዳይንቀጠቀጥ ጫፉን ይይዛል። አቧራው ዓይኑን ስላስቸገረው ባሮክ ንፋሱን ከጀርባው አድርጎ ነበር የሚቆመው። ንፋሱን ከጀርባው ያደረገ ሰው አቧራውን ወደ ፊቱ ወዳለው ሰው ይልካል፤ ይህን ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልግም። ያፌት ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ፣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ፣ እየሳቀ «አቦ ቁረጥ! ሳትሸመግል እንጨርሰው» ይለው ነበር። ማታ ያፌት ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሊዲያ ሸሚዙን ደጃፍ ላይ አራገፈችለት።

እንዲህ ተሠርቶ ዳሱ በተንቀሳቃሽ የብረት እግር ላይ ቆመ፤ የሞተ ሰው ካለበት ደጃፍ ይተከላል፣ በሠልስቱ ይነቀላል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሌሎች እድሮች መጥተው አዩት፤ ቀኑበትም። ባሮክ ራሱ በየጊዜው ይተክለዋል። የብሎኑ ቀዳዳ ሲሰፋ በድሪል አዲስ ይበሳል። ሲነቀል ወለሉን በመጥረጊያ ያጸዳል። ዳሱ ስንት ጊዜ እንደወጣ መዝገቡ ያውቀዋል፤ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ለቅሶ።

ማሠልጠኛው ውስጥ ሕጉ አጭር ነበር፤ በየጧቱ ያስብሏቸዋል። ደረቁን አትንካ። መጀመሪያ አርጥብ። አትቁረጥ። አትብሳ። አትጥረግ። ሌሎቹ ሠልጣኞች እያዛጉ ሲሉት ባሮክ እያንዳንዷን ቃል እንደሚቆጠርበት ነገር ነበር የሚላት፤ ያላደረገው አንድም አልነበረም። «የሚታየው አቧራ አይደለም ገዳዩ» ትላለች መምህርቷ። «እሱን አፍንጫችሁ ይይዘዋል። የማይታየው ገብቶ ይቀመጣል። ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ ይቀመጣል።» ባሮክ በልቡ ቀነሰ፤ ከሰባ ዘጠኝ ላይ ሃምሳ ስድስትን። ከዚያ ማስታወሻውን በጥንቃቄ ጻፈ። ከሠላሳ ሁለቱ አንደኛ የወጣው እሱ ነው። የሚፈራ ሰው በደንብ ያጠናል።

ስለ ዝርዝሩም ተማሩ። ዛሬ ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ የሚለጥፋት ቆጣሪ አለች፤ አረንጓዴ ከሆነች የቀዘቀዙት አዳራሾች ውስጥ ገብቶ ይሠራል፣ ልጁንም እዚያ ያስተምራል። አስቤስቶስ መተንፈሱ የተረጋገጠ ሰው ዝርዝር ውስጥ ይገባና ቆጣሪው ቢጫ ይሆናል። ቢጫ የሆነ ሰው በየዓመቱ ሳንባው በነጻ ይታያል፤ በሽታው ገና ሳይነሳ ይደረስበታል። ግን ከቀዘቀዘው አዳራሽ ይወጣል፣ ሥራው ከውጭ ከሙቀቱ ጋር ይሆናል። ከዝርዝሩ የወጣ ሰው እስካሁን የለም። አንድ ገምጋሚ አንድ ሪፖርት ሲልክ ስንት ቤት እንደሚናጋ ባሮክ ቁጭ ብሎ አሰበው። ያፌት ለሁለት ዓመት ሲያስል ነበር፤ ሐኪሙ «የሙቀት ሳል» ብሎ ሽሮፕ ነበር የሚሰጠው። ይህንንም አሰበው፤ አስቦም መብራቱን አጥፍቶ ተኛ።

በሠላሳ አንደኛው ቀን የራስ ናሙና ነበር። እያንዳንዱ ሰው ከሰፈሩ የሚጠረጥረውን ቁራጭ አምጥቶ ራሱ በማጉያው ይመረምራል። ባሮክ ሳጥን ውስጥ የዳሱ ስባሪ ነበረው፤ የእድሩ ጠረጴዛ እንዳይወላገድ እግሩ ሥር የሚያደርጋት ናት፤ በላስቲክ ጠቅልሎ ነበር ያመጣት። ጧት ፈታት፣ አያት፣ መልሶ ጠቀለላት። ወደ ክፍል ይዞ የገባው ከማደሪያው ኮርኒስ የፈነቀለውን ጀሶ ነው። መምህርቷ በማጉያው አይታ ፈገግ አለች።

«ምንም የለበትም። የታደለ ሰፈር ነው ያላችሁ፣ ጋሽ ባሮክ።»

«እግዜር ይመስገን» አለ ባሮክ። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

በአርባኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ መሐላ ነበር። «ከዚህ ቀደም ዕቃውን ቆርጬ፣ በስቼ ወይም ተክዬ አላውቅም» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ አውራ ጣት ይጫናል። የቆረጠ ሰው ገምጋሚ መሆን አይችልም፤ የራሱን ሥራ ራሱ ሊሸፍን ይችላል ተብሎ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ሰው ያውቃሉ። ባሮክ ጣቱን ጫነ። ስክሪኑ ምንም አላለም፤ አረንጓዴ ካርድ ተፋለትና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

ዕቅድ ነበረው። ቅዳሜ ይገባል፤ እሑድ «ዳሱ አርጅቷል» ብሎ አርጥቦ ያፈርሰዋል፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ይቀብረዋል፣ በምትኩ ሌላ ይሠራል። ማንም አይዘረዘርም፣ ማንም ከሥራው አይወጣም፣ እድሩም ገምጋሚ አለው። ክፉ ዕቅድ አይደለም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከሁሉም አብልጦ የሚመቸው ለባሮክ ነበር። ይህንንም ያውቀዋል።

ዓርብ ከቀትር በፊት ስልኩ ጮኸ። የእድሩ ዳኛ ሐጂ ሙአዝ ነው።

«ባሮክ፣ ወረቀቱን አገኘህ?»

«አገኘሁ።»

«አልሐምዱሊላህ። ስማኝ፣ እስቲ ተቀመጥ።»

«ቆሜ ልስማው።»

«ያፌት ዐረፈ። ጧት ሳሉ ጠናበት፣ ሐኪም ቤት ሳንደርስ መንገድ ላይ ቀረ። ነገ ጎህ ሲቀድ እንቀብረዋለን። ባቡሩ ለቀብር አያደርስህም፤ አትጨነቅ። ዳሱን እኛ እናወጣለን፣ የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ አለ።»

ባሮክ ግድግዳውን ያዘ። አሁን መናገር ነበረበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ዳሱን አታውጡ» ማለት ብቻ። አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ሐጂ። ብሎኑ አይዝላችሁም።»

«አቦ እሱ ነው ያሳሰበህ? አዲስ እንበሳለታለን» አለ ሐጂ ሙአዝ። «ለወንድምህ አልቅስ አንተ፣ ዳሱን ለኛ ተወው።»

«እሺ» አለ ባሮክ።

ስልኩ ተዘግቶም «እሺ» የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ቀረ። ራሱን ጠላ። መልሶ ለመደወል ሦስት ጊዜ ስልኩን አነሳ፤ ሦስቱንም ጊዜ አስቀመጠው።

ቅዳሜ ጧት ባቡሩ ላይ ከመሳፈሩ በፊት ተላጨ። ለአርባ ቀን ያደረገውን እጁ ሳያስበው አደረገው። ባቡሩ አዋሽን ካለፈ በኋላ መስኮቱ ላይ ፊቱን ሲያይ ነው የገባው። የወንድም ያህል የነበረ ሰው ሞቶበት ፂሙን ተላጭቶ ለቅሶ ሊደርስ ነው። ሐዘንተኛ ፂሙን ያሳድጋል እንጂ አይላጭም፤ ይህን ድሬ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቀዋል። መዳፉን ጉንጩ ላይ አድርጎ እስከ ድሬ ድረስ ሄደ።

ድሬ የደረሰው አምስት ሰዓት ላይ ነው። ከአራት እስከ አሥር ያለው ሰዓት የተከለከለ ነው፤ ጥላ የሌለው ቦታ የቆመ ሰው ቆጣሪው ትጮህበታለች። ባሮክ በጥላ መንገዱ ሥር ሻንጣውን እየጎተተ ሳቢያን ገባ። ዳሱን ከሩቅ አየው፤ ያፌት ደጃፍ ላይ ተንጣሎ ቆሟል። መቶ አርባ ያህል ሰው ከሥሩ ተቀምጧል። መግቢያው ላይ ከድሪል የወጣ ነጭ ዱቄት ትንሽ ትንሽ ክምር ሆኖ ተበትኗል፤ አንዲት ሴት አጎንብሳ ትጠርገዋለች። ከአዲሶቹ ቀዳዳዎች ቀጭን ቀጭን ብርሃን ይገባል፤ በብርሃኑ ውስጥ አቧራ ቀስ ብሎ ይዞራል።

ሰው ገለል ገለል አለለት። «ተላጭቶ መጣ?» ሲሉ ሰማ። ሊዲያ ከፊት ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ልጇ ጠጂቱ አለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከቀዘቀዙት አዳራሾች በአንዱ መድኃኒት አሻጊ ናት። ሊዲያ ቀና ብላ ባሮክን አየችውና እጇን ዘረጋች።

«መጣህ? ጓደኛህ ጥሎህ ሄደ» አለች። «ሲያስል ሲያስል ‹ባሮክ ፈቃዱን ይዞ ይምጣ፣ ቤታችንን መጀመሪያ ይየው› ይል ነበር።»

ባሮክ ሊያለቅስ ፈለገ፤ ዕንባው እምቢ አለው። እጇን ሳይጨብጥ ዞረ። ጓሮ በኩል ወዳለው የእድሩ የውሃ በርሜል ሄደ፤ ለቀብር መልስ መታጠቢያ ተብሎ በአንድ ሳምንት ወረፋ የተሞላ ነው። ጎማውን ሰክቶ ፓምፑን ከፈተና ወደ ዳሱ መጣ። መጀመሪያ የመግቢያውን ዱቄት አራሰው። ከዚያ ጎማውን ወደ ላይ አነሳና ጣሪያውን ከውስጥ በኩል ይረጭ ጀመር። ውሃው በሰው ራስ ላይ ይንጠባጠባል። ሴቶች ጮኹ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ባሮክ!» አለ ሐጂ ሙአዝ ከወንበሩ ተነስቶ። «አበድክ እንዴ? የሰው መታጠቢያ እኮ ነው!»

«ሐዘን ነው፣ ተዉት» አለ አንድ ሰው።

«ሐዘን አይደለም» አለ ባሮክ። ጎማውን አልለቀቀም። «ውጡ። ሁላችሁም ከሥሩ ውጡ። ልብሳችሁን አታራግፉ።»

«ወዴት ነው የምንወጣው? ውጭ አርባ ሰባት ነው!»

«አስቤስቶስ ነው» አለ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ሌላው ቀለለው፤ ወይም አልቀለለውም፤ ብቻ ራሱ መጣ። «ይሄ ዳስ አስቤስቶስ ነው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ከአርባ ቀን በፊት ነው ያወቅኩት፤ ትናንት ሐጂ ሲደውልልኝም አውቅ ነበር። ብሱት ያልኳችሁም እኔ ነኝ ማለት ነው። ውጡ፣ ስለ እግዜር።»

ሰዉ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለዚህ ቃል ሲሉ ነበር ሰው አሠልጥነው የላኩት። ከዚያ አንዱ ተነሳ፣ ሌላው ተነሳ፤ እናቶች እየተደጋገፉ ፀሐዩ ላይ ወጡ። መቶ አርባ ቆጣሪ ባንድ ላይ ይጮህ ጀመር። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ሠልስት ሳይሞላ ለቅሶ ጥሎ አይኬድም። ግድግዳ ተጠግተው፣ ነጠላ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ቆሙ።

ሐጂ ሙአዝ ባሮክን ክንዱን ይዞ ወደ ጎን አወጣው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

«ስማኝ ልጄ። የሰማነው እኛው ነን። እናውርደው፣ እንቅበረው፣ አለቀ። ይህ ሁሉ ሰው ቢጫ ከሆነ ማን ያበላዋል? ላክ ያለህ አለ?»

ባሮክ የገዛ ዕቅዱን ከደግ ሰው አፍ ሰማው፤ እንዲህ ሲሰማው ደግሞ ደስ አይልም ነበር። ያን ጊዜ ጠጂቱ መጣች። ከኋላቸው ቆማ ሰምታለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ዝርዝር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሳሉን ያዩለት ነበር?»

«በየዓመቱ ያዩት ነበር። ከሳሉም በፊት።»

«ይድን ነበር?»

«አላውቅም፣ ጠጂቱ። ሽሮፕ ግን አይሰጡትም ነበር።»

«ያውቅ ነበር? ስትቆርጡት?»

«እሱም እኔም አናውቅም ነበር። ግን ንፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ ነበር የቆምኩት። አቧራው ዓይኔን እንዳይነካኝ። ሁሉም ወደሱ ነበር የሚሄደው። ሦስት ቀን።» አለ ባሮክ። «ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ ይስቅ ነበር።»

ሊዲያ ግድግዳውን ተደግፋ ስትሰማ ነበር። «ሸሚዙን እኔ ነኝ ያራገፍኩት» አለች። ጠጂቱ እናቷን አየች፣ የእናቷን ቆጣሪ አየች፣ የራሷን በጣቷ ሸፈነች፣ መልሳ ገለጠቻት። ላክም አትላክም አላለችም።

ባሮክ ከሻንጣው ገምጋሚ ሪፖርት የሚልክበትን መመዝገቢያ መሣሪያ አወጣ። ሳጥኑ ውስጥ የነበረችውን ስባሪ ከላስቲኩ ሳያወጣ ፎቶ አነሳት። የዕቃው ዓይነት፣ ሞላ። ያለበት ሁኔታ፣ የተሰበረና የተበሳ፣ ሞላ። የተጋለጡ ሰዎች የሚለው ላይ መጻፍ አላስፈለገውም፤ ለቅሶ የቀረ እንዲቀጣ ተብሎ እድሩ የእያንዳንዱን አባል መድረስ በቆጣሪው ነው የሚይዘው። የሃያ ሦስት ዓመቱን መዝገብ አያያዘው። በመጨረሻ «ተካይ» የሚል ባዶ ቦታ መጣ። ስሙን እስከ አያቱ ጻፈ። ላከው።

መመዝገቢያው ለአፍታ አሰበ። «ሪፖርትዎ ደርሷል፤ እናመሰግናለን» አለ። ቀጥሎ «ፈቃድዎ ተሰርዟል» አለ። በሁለት ቀኑ ነው። በኪሱ ያለው ካርድ ቀለሙ ጠፋ።

ከዚያ ግድግዳው ሥር ያሉት ቆጣሪዎች መለወጥ ጀመሩ። አንዷ ቢጫ ሆነች፤ ሊዲያ ናት። ቀጥሎ ሐጂ ሙአዝ፤ ከሦስት መቶ አሥራ አንዱ ሦስት መቶውን ደርሷል። ቀጥሎ ድስት የሚጥዱት ሴቶች በመላ፣ ወንበር ተሸካሚዎቹ በመላ፣ ሬሳ የሚያጥቡት። ለሰው ደርሶ የሚያውቅ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ጠጂቱ በልጅነቷ በአባቷ ትከሻ ላይ፣ አድጋም በእግሯ መጥታለች፤ የሷም ተለወጠች። አየቻትና ከንፈሯን ነከሰች።

መጨረሻ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኬብሮን ይባላል፤ ለቅሶ የማይደርስ፣ በየስብሰባው ስሙ የሚነሳ፣ ዛሬም ሚስቱ ጎትታ ያመጣችው ሰውዬ። አንድ ቀን ብቻ አይቆጠርም ተብሎ ይሆናል። ደረቱ ላይ አረንጓዴዋ ስትበራ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። በሁለት እጁ ሸፈናት፤ በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረ።

«አሁን ቤቶቻችንስ?» አለ ሐጂ ሙአዝ ለራሱ እንደሚያወራ። «መስከረም ደርሷል። ማንን ነው የምንልከው?»

«ያልቆረጠ ሰው ላኩ፤ አረንጓዴ መሆን አለበት» አለ ባሮክ። ሁሉም እንደገና ኬብሮንን አየው። ቀኑ ሌላ ቢሆን ኖሮ ይሳቅ ነበር፤ አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ቃጥቶት አፉን ያዘ።

ባሮክን ማንም አልሰደበውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ሰውነቱ ሁሉ የሚመጣውን ዱላ ይጠብቅ ነበር፤ የመጣለት የሰዎቹ ጀርባ ነው። ማስኩን ከሻንጣው አወጣና ወደ ዳሱ ገባ። ቆርቆሮዎቹ እርጥብ እንደሆኑ መውረድ አለባቸው፤ በዚህ ሙቀት ውሃው ግማሽ ሰዓት አይቆይም። የመጀመሪያውን ብሎን ፈታ፣ ሁለተኛውን ፈታ። ቆርቆሮው አንድ ጫፉ ተንጠለጠለ። ብቻውን ሊያወርደው ሞከረ። አልቻለም። አንድ ሰው ይፈታል፣ አንድ ሰው ጫፉን ይይዛል፤ ሲሠሩት እንዲህ አድርገው ነው የሠሩት። ከወደቀ ይሰበራል፣ ከተሰበረ አቧራው ይቦናል። በትከሻው ደግፎት ቆመ።

ከጀርባው ኮቴ ሰማ። ጠጂቱ ናት፤ ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አስራለች።

«ጫፉን ልያዝልህ።»

«አይሆንም። ሂጂ።»

«ይወድቅብሃል እኮ።»

«ጠጂቱ፣ ተይኝ። ያንቺ ሳንባ አያስፈልገኝም። አባትሽ ይበቃኛል።»

«ይቅር ብዬህ አይደለም» አለች። «ይቅርታውን ገና አላሰብኩትም። ይሄ ነገር ግን ከአባቴ ደጅ ይነሳ።»

ባሮክ አያት። ቆርቆሮውን በጀርባው እንደደገፈ ማስኩን ከፊቱ አወለቀና ሰጣት። ማሰሪያውን ከኋላዋ አጥብቆ፣ መዳፉን ማጣሪያው ላይ አድርጎ «አየር ሳቢ» አላት። ሳበች። ማስኩ ጉንጯ ላይ ተጣበቀ፤ አልሾለከም። ሌላ ማስክ የለም። የተላጨ ፊቱ ባዶውን ቀረ።

ጠጂቱ ከፊቱ ዞራ ጫፉን ልትይዝ ስትል «ቆይ» አላት። ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ አነሳ። ንፋሱ ከሐዲዱ በኩል፣ እንደዚያን ጊዜው፣ ከጀርባው ነበር። ቆርቆሮውን ሳይለቅ ቀስ ብሎ ዞረና ከሷ ጋር ቦታ ተለዋወጠ፤ ንፋሱ ከሷ ጀርባ መጥቶ ፊቱን እስኪመታው ድረስ።

«አሁን ያዢ» አለ።